የሸጡልኝ ሽታውን ነው

ጎበዝ፣ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ ፀረ ባክቴሪያ» የሚል የቤት ማጽጃ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህችን አንብቡ። እኔ 780 ብር ከስክሼ ነው የተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቴሌግራም ቻናል «በረኪና ሳንባ ያቃጥላል፣ ልጆቻችሁን አድኑ» እያለ ሲለጥፍ ከረመ። መፍትሔውም እዚያው ከሥር አለ፦ የባሕር ዛፍ፣ የጠጅ ሳርና የቲ ትሪ (የአውስትራሊያ ዛፍ ነው) ዘይት ያለበት ማጽጃ። «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» ይላል። በበረኪና ሽታ ዓይኔ የሚያለቅስ ሰው ነኝና አመንኩ። በቴሌብር ከፈልኩ፣ በሞተር መጣልኝ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

እውነቱን ለመናገር ሽታው ደስ ይላል። ቤቱ እንጦጦ እንጦጦ ሸተተ። ወለሉን ወለወልኩበት፣ ጠረጴዛውን ወለወልኩበት፣ ዶሮ የበለትኩበትን መክተፊያ እንኳ ሳይቀር በእሱ አበስኩ። በረኪናዬን ለጎረቤት ሰጠሁ። (አሁን ሄዶ «መልሽልኝ» ማለት ያሳፍራል።)

ሊያልቅ ሲል ነው የነቃሁት። በባዶ እጄ እየወለወልኩ እያለ እጄን አሳከከኝ፣ ከዚያ ቀላ። ጠርሙሱን መስኮቱ ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ አየሁት። ከላይ ቢጫ ቀለበት ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ ያለው ጥርት ያለ ውሃ ነው። ዘይትና ውሃ እንደማይዋሃዱ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። የሚያዋህዳቸው ነገር ካልገባበት የመርጫው ቱቦ ከሥር ከሥር ውሃውን ይስባል። ሳምንታት ሙሉ ወለል ላይ ስረጭ የከረምኩት እሱን ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያልተበረዘው ዘይት እጄ ላይ መጣ።

የተለጠፈበትን ወረቀት አገላብጬ አነበብኩ። ዘይቱ ስንት በመቶ እንደሆነ አይልም። የተመረተበት ቀን የለም፣ የአምራች አድራሻ የለም። የቅጠል ሥዕልና ስልክ ቁጥር ብቻ። ደወልኩ። «ስንት በመቶ ዘይት አለው?» አልኩ። «የኔ እናት፣ ተፈጥሮ በፐርሰንት አይለካም» አለኝና ዘጋው። ማታ ቻናሉ ውስጥ ልጽፍ ስል ብሎክ ተደርጌያለሁ።

ይለካል እንጂ! ዘይቶቹ ባክቴሪያ አይነኩም እያልኩ አይደለም። በእኛው ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል አሉ፤ የባክቴሪያን ሽፋን የሚያፈርሱ ናቸው። ቲ ትሪም ላቦራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ እንዳይራባ ያደርጋል። ግን ለዚያ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ገደማ መኖር አለበት። ለአንድ ሊትር ስናሰላው ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በጠብታ ቢቆጠር ከ100 እስከ 200 ጠብታ ገደማ ማለት ነው። እንደ ሱዶሞናስ ያለው፣ እርጥብ ቦታ የሚወደው ባክቴሪያ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ቤት ለማሸተት ግን ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ሻጩ የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው።

የጊዜም ጉዳይ አለ። አሜሪካ ውስጥ በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በኢፒኤ ተመዝግበው የሚሸጡ የታይሞል ማጽጃዎች አሉ። መጠኑ ላያቸው ላይ ተጽፏል፣ የተረጨው ቦታ ለስንት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት እንዳለበትም ተጽፏል፤ 10 ደቂቃ የሚሉ አሉ። እኔ ረጭቼ ወዲያው ነበር የማብሰው።

ያው ቻናል «ከአልኮል ነፃ» የእጅ ሳኒታይዘርም ይሸጣል። እሱን አትንኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቀመር ወይ 80 በመቶ ኢታኖል ነው፣ ወይ 75 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል። የላቬንደር ሽታ የዚህን ቦታ አይተካም። ውሃና ሳሙና ካለ ደግሞ ጭራሽ አትጨነቁ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ኬሚካል ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮችን ከፀረ ባክቴሪያ የእጅ መታጠቢያ ሳሙናዎች ያስወጣው፣ ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ አምራቾቹ ማስረጃ ስላላቀረቡ ነው።

ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድተው የሚሸጡም አይቻለሁ። የባሕር ዛፍ ዘይት ያልተበረዘ ከሆነ ትንሽ ልጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር ቢውጥ እንኳ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ድመት ላላችሁም የቲ ትሪ ዘይት መርዝ ነው።

አሁን መክተፊያውን በሳሙና አጥባለሁ። ጥሬ ሥጋ ከነካው 5 በመቶ የሚል በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ወስጄ በውሃ አንድ ሊትር እሞላዋለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀልቃለሁ። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር ግን እንዳትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ትናንት ቻናሉን በጓደኛዬ ስልክ ገብቼ አየሁት። ዋጋው 950 ገብቷል። «ቫይረስም ይገድላል» የሚል ተጨምሮበታል።