ከባሕር ዳር ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ፦ የአንድ ቀን የጀልባ ጉዞና የዐፄ ዘድንግል ታሪክ

ባለፈው ጥር ከእናቴ ጋር በጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ወዳለው የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የተጓዝንበትን የጀልባና የአስጎብኚ አገልግሎት፣ ወደዚያው ለመሄድ ያሰበ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ እጽፋለሁ። ጀልባዋ ጠንካራ ናት፤ ነጂው የረጋ ሰው ነው፤ ላይፍ ጃኬትም ለሁላችን ታድሏል። በማለዳ ስለተነሣን ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጀው መንገድም አላሰለቸንም።

የከፈልነውን ገንዘብ ያስረሳን ግን አስጎብኚው ነው። ዳጋ ላይ ዐፅማቸው ያረፈውን ነገሥታት፣ ይኩኖ አምላክን፣ ዳዊትን፣ ዘርዐ ያዕቆብን፣ ዘድንግልንና ፋሲለደስን፣ ስም ጠርቶ ማለፍ ይቻለው ነበር፤ እሱ ግን ዘድንግልን መረጠ። በደቅ ደሴት አጠገብ ስናልፍ ሞተሩን አስቀንሶ «የታሰረው እዚህ ነው» አለን።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል ዙፋኑን ለወንድማቸው ልጅ ለዘድንግል አስበውት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1597 ሲያርፉ ግን ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ልጃቸው ያዕቆብ ነገሠ፤ የሟቹ ንጉሥ ባለቤት እቴጌ ማርያም ሥናና መኳንንቱ በሕፃን ስም ማስተዳደር ይችሉ ነበርና፣ ለአቅመ መንግሥት የደረሰ ሰው አይመቻቸውም ነበር። ዘድንግል ተይዞ ደቅ ላይ ታሰረ፤ ሌላው ተቀናቃኝ ሱስንዮስ ወደ ደቡብ ሸሽቶ በኦሮሞዎች ዘንድ ተጠለለ። ዘድንግልም ከደሴቱ አምልጦ በጣና ዙሪያ ባሉት ተራሮች ተሸሸገ፤ በ1603 ያዕቆብ ወርዶ በደቡብ ምዕራብ ወዳለችው እናርያ ሲጋዝ፣ ያ የተሳደደው ልዑል ነገሠ። ዘመኑ አጭር ሆነ። ወደ ካቶሊክ እምነት በማዘንበሉ የዘመኑ ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው መሐላ ፈቱት፤ በ1604 ባርጫ በተባለ ቦታ ካመፀበት መኰንን ከዘሥላሴ ጋር ሲዋጋ ወደቀ።

ይህን ሰምቼ ወደ ገዳሙ ዕቃ ቤት ስገባ፣ አንድ መነኩሴ መብራቱን የዘድንግል ዐፅም ወዳረፈበት ሣጥን መስታወት ጠጋ አድርገው ሲያሳዩኝ፣ የቆምሁት ከታሰረበት ደሴት ፊት ለፊት መሆኑ ገባኝና ለረጅም ጊዜ መናገር አቃተኝ። ሌላ ጊዜ ያለ አስጎብኚ ብመጣ ኖሮ ሣጥን አይቼ እመለስ ነበር።

ሁለት ነገሮች ግን ሊታረሙ ይገባል። ዳጋ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ነው፤ ይህ የቆየ ሥርዓት ስለሆነ አልከራከርበትም፤ ነገር ግን ስንመዘገብ ማንም አልነገረንም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስለቷን በመሐረብ ቋጥራ ከጀልባዋ ስትወርድ ነው የሰማችው። «አይዞህ፣ እኔ ከዚሁ እሳለማለሁ» ብላ ስለቷን እጄ ላይ አኖረችና ከዛፍ ሥር ተቀመጠች። ለእንግዳ ይህን አስቀድሞ መንገር አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚጠይቅ ነገር ነው። ሁለተኛው፣ ታሪኩን ከደቅ ጀምሮ ደቅ ላይ አለመውረድ ያሳዝናል፤ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን እናቴም በተሳለመች ነበር።

አስጎብኚው ግን ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ጠይቋል፤ በመልሱ መንገድ እናቴ አጠገብ ተቀምጦ የዘድንግልን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለእሷ ብቻ ደገመላት። ጨርሶ ዝም ሲል፣ ዓይኗን ከደቅ ሳትነቅል «እዚያ ታስሮ ሳለ እህል ማን ያደርስለት ነበር?» አለችው። እሱም ትንሽ አስቦ፣ በሚቀጥለው ጉዞው አባቶችን ጠይቆ ሊደውልልን ስልካችንን ጻፈ።