186 ሰው በየአጠራሩ ለጠራችልን እህት

ሐዋሳ ፒያሳ ላይ በኮምፒውተር ጽሑፍ ሥራ የምትተዳደር አንዲት እህት አለች። ስሜን እዚህ አትጻፍ ስላለችኝ አልጽፈውም፤ ምስጋናዬን ግን በልቤ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም።

የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ለቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ መዋጮ ለመጠየቅ ባለፈው ዓመት ለ186ቱ አባሎቻችን አንድ ኢሜይል ላክን። የሁሉም አድራሻ ከላይ ተደርድሮ ስለታየ ብዙዎች ተቀየሙን። ቀጥሎ ሌላ ባለሙያ ያዝን። ሥዕልና ቀለም ያለበት ደብዳቤ ሠራልን፤ ነገር ግን «የመጨረሻ ስም» ከሚለው ዓምድ እየተወሰደ ሰው ሁሉ በአባቱ ስም ተጠራ። አባቷን ከቀበረች ሁለት ወር ያልሞላት እህታችን «ውድ አቶ» ተብሎ የአባቷ ስም ተጽፎ ደረሳት። ደውላልኝ አለቀሰች። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቃት ጠፋኝ።

ፒያሳ ያለችው እህት ግን ደብዳቤውን ከማየቷ በፊት የስም ዝርዝሩን ኤክሴል ላይ ከፍታ «አጠራር» የሚል ዓምድ ጨመረችበት። «ይህን ሰው መንገድ ላይ ቢያገኙት ምን ብለው ይጠሩታል?» እያለች አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ጋሽ፣ እትዬ፣ ዶክተር፣ መምህር፤ ለአብሮ አደጎቼ ስማቸው ብቻ። ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ሠራነው። በአማርኛ ስም መቀያየር ብቻ እንደማይበቃ ያስተዋልኩት ያኔ ነው። «እንዳልረሳኸን» ያልነውን ለሴቷ «እንዳልረሳሽን»፣ ለታላላቆቻችን «እንዳልረሱን» ማለት አለብን። ስለዚህ ደብዳቤው ሦስት ሆነ፦ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእርስዎ።

ምስል የለው፣ ቀለም የለው፤ ፊደል ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲደክም በአሮጌ ስልክም ይከፈታል፤ ደግሞም ሰው ለወዳጁ የሚጽፈው ኢሜይል መልኩ ይኸው ነው።

የላከችው ተንደርበርድ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ሜይል መርጅ የተባለው ተጨማሪ መሣሪያ ሲጫንበት ከሰንጠረዡ እየቀዳ ለእያንዳንዱ ሰው የብቻውን ኢሜይል ያዘጋጃል፤ ማንም የሌላውን አድራሻ አያይም። መጀመሪያ ሦስቱንም ለእኔ ላከቻቸው። ፊደላችን በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ መጣ! ሰንጠረዡን የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው፣ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል ኮድ እንደገና አስቀምጣ አስተካከለችው። የማዕረግ ስም የሌላቸው ሰዎች ዘንድ «ውድ» ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ክፍት ቦታ መቅረቱን ያየችውም እርሷ ናት፤ እኔ አላየሁትም ነበር። ተራ የጂሜይል አካውንት በቀን እስከ 500 ተቀባይ ይፈቅዳል፤ እርሷ ግን ደብዳቤው አይፈለጌ መልእክት ውስጥ እንዳይወድቅ ብላ በሦስት ቀን ከፋፍላ፣ በመካከሉ ፋታ እየሰጠች ላከችው።

መልሱ በዚያው ምሽት መምጣት ጀመረ። ያስተማሩን አንድ አዛውንት ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ሁሉ ጠይቀው ረጅም ደብዳቤ ጻፉልኝ። ያለፈው ዓመት ያለቀሰችው እህታችንም መዋጮዋን በአባቷ መታሰቢያ ስም ላከች።

ሥራው ሲያልቅ ዝርዝሩን ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኔ እያየ አጠፋችው። ሳልጠይቃት ነው።

እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ። የዕድር፣ የማኅበር ወይም የሠርግ ጥሪ በኢሜይል ለመላክ ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለችና አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የስም ዝርዝራችሁን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹን በደንብ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠየቋ አይቀርም።