የአየርላንድ የዘር ሐረግ መዛግብት፦ ነጻው የት ድረስ ያደርሳል? የሚከፈልበትስ መቼ ያዋጣል?

አየርላንዳዊ አያት ወይም ቅድመ አያት ያለው ሰው መዝገብ ፍለጋ ሲነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ገንዘብ ሊገዛለት የማይችለውን ነገር ማወቅ ይኖርበታል። በ1922 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደብሊኑ የመንግሥት መዝገብ ቤት በእርስ በርስ ጦርነቱ ስለተቃጠለ፣ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪቶች በቀር ጠፍተዋል፤ ከ1861 እስከ 1891 የተደረጉትን አራቱን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስወግዷቸዋል። ስለዚህ የሚነጻጸረው የተረፈው መዝገብ ብቻ ነው፤ ከተረፈው ውስጥም ዋና ዋናው ያለ ክፍያ ይገኛል።

ከነጻዎቹ ቀዳሚው የአየርላንድ መንግሥት ድረ ገጽ «አይሪሽ ጂኒያሎጂ» ነው። አጠቃላይ የሲቪል ምዝገባ (መንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ መያዙ) በ1864 የተጀመረ ሲሆን፣ 100 ዓመት ያለፈው ልደት፣ 75 ዓመት ያለፈው ጋብቻና 50 ዓመት ያለፈው ሞት በአብዛኛው ከመዝገቡ ገጽ ምስል ጋር እዚህ ይታያል። በተለይ የጋብቻው መዝገብ የሁለቱንም ተጋቢዎች አባት ስምና ሥራ ስለሚይዝ፣ አንዲት ገጽ ፈላጊውን አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ትወስደዋለች። የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች በብሔራዊ መዛግብት፣ ከ1847 እስከ 1864 የተካሄደው የግሪፊዝ የመሬትና የቤት ግምት ደግሞ «አስክ አባውት አየርላንድ» በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ስለሚገኙ፣ ለእነዚህ ብቻ ብሎ የትም መክፈል አያስፈልግም። በ1911 የተመዘገበን ዕድሜ ግን በጥርጣሬ ማየት ይገባል፤ ለ70 ዓመት አዛውንቶች ጡረታ በ1909 መከፈል ከጀመረ በኋላ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጀ ሰው ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ክፍያ ትርጉም የሚኖረው ከ1864 ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 1880 ገደማ ያሉትን የካቶሊክ ቁምስናዎች (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች) የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት ምስል በነጻ ያቀርባል፤ ነገር ግን በስም መፈለጊያ ስለሌለው ቁምስናውን ለማያውቅ ሰው ብዙም አይረዳም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የየካውንቲው የዘር ሐረግ ማዕከላት ግልባጭ የተሰበሰበበት፣ የሚከፈልበት ድረ ገጽ «ሩትስ አየርላንድ» ነው። በስም መፈለግ ያስችላል፣ የአካባቢውን የስም አጻጻፍ በሚያውቁ ሰዎች የተገለበጠ በመሆኑም «ኦ» ተቀንሶበት «ሱሊቫን» ተብሎ የተጻፈን ኦሱሊቫን ለማግኘት ይሻላል፤ ጉድለቱ የመዝገቡን ምስል አለማሳየቱ ነው። በእኔ ግምት ጥሩው አካሄድ ለአንድ ወር ብቻ ከፍሎ ቁምስናውንና ቀኑን ማግኘት፣ ከዚያም ገጹን በቤተ መጻሕፍቱ ምስል ላይ በነጻ ማረጋገጥ ነው። የኬሪ፣ የደብሊን ከተማና የኮርክ ከፊል የቤተ ክርስቲያን መዛግብት ግን «አይሪሽ ጂኒያሎጂ» ላይ ስላሉ፣ የእነዚህ ቦታዎች ተወላጅ ከመክፈሉ በፊት እዚያ ይፈልግ።

ሌላው የሚከፈልበት ድረ ገጽ «ፋይንድ ማይ ፓስት» ጥንካሬው ሌላ ነው፦ የወረዳ ፍርድ ቤት ክሶች፣ የእስር ቤት መዝገቦች፣ ጋዜጦች፣ አልፎ ተርፎም የውሻ ፈቃድ። ይህ ቀልድ አይደለም፤ መሬት ያልነበረው ጭሰኛ ውሻ ስለነበረው ብቻ ስሙና መንደሩ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። ቤተሰቡ የት እንደኖረ ለሚያውቅና ኑሮውን ማየት ለሚሻ ሰው ያዋጣል፤ ለጀማሪ ግን አልመክረውም። «አንሴስትሪ» የተባለው የሚከፈልበት ድረ ገጽ የሚጠቅመው ፍለጋው ከአሜሪካ ለሚነሣና ከአያቱ የትውልድ ቦታ «አየርላንድ» ከሚል ቃል በቀር ለሌለው ነው፤ የመርከብ ተሳፋሪዎችና የአሜሪካ ዜግነት መዛግብቱ ሰፊ ናቸው። ድረ ገጹ የሚያቀርበው የዘረመል (ዲኤንኤ) ምርመራ ለብቻው የሚገዛ ነው።

በሰሜን አየርላንድ ከ1922 ወዲህ የተመዘገበ ልደት ወይም ሞት ለሚፈልግ፣ የቤልፋስቱ መዝገብ ጽሕፈት ቤት ለእያንዳንዱ መዝገብ ያስከፍላል፤ ከዚያ በፊት ያለው «አይሪሽ ጂኒያሎጂ» ላይ በነጻ ይገኛል።

ዓላማው በአያት በኩል የአየርላንድ ዜግነት ማግኘት ከሆነ፣ ከየትኛውም ድረ ገጽ የወረደ ምስል ለማመልከቻው አይበቃም፤ ድረ ገጾቹ የሚያገለግሉት ቀኑንና ቦታውን ለማወቅ ብቻ ስለሆነ፣ ለደንበኝነት ከታሰበው ገንዘብ ለኦፊሴላዊው የምስክር ወረቀት የሚሆነውን አስቀድሞ መለየት ያሻል።