«ተመርጠሃል፣ ማስያዣ ላክ»፦ ስሙ ብቻ ያለ ስኮላርሺፕ እንዳይሸጡላችሁ

መልእክቱ ባብዛኛው እንዲህ ይላል፦ «እንኳን ደስ አለህ! ለሙሉ ስኮላርሺፕ ተመርጠሃል። ቦታህን ለማስያዝ በ48 ሰዓት ውስጥ 150 ዶላር ላክ፤ ካልላክህ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል።» ከላይ የዩኒቨርሲቲ አርማ፣ ከታች ማኅተም፣ መሃል ላይ የልጁ ሙሉ ስም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የቋመጠ ተማሪና ወላጆቹ «ሙሉ» የምትለውን ቃል ሲያዩ ሌላው አይታያቸውም። እናንተ ግን «ላክ» የምትለውን እዩ። በስኮላርሺፕ ከፋዩ ሰጪው ነው። ገንዘቡ በተገላቢጦሽ ከተማሪው ኪስ ወደ «ሰጪው» መሄድ ከጀመረ ነገሩ ስኮላርሺፕ አይደለም።

ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው ምንም አልከፍልም» ብለው የሚደመድሙ አሉ። እሱም አያስኬድም። በመንገዱ ላይ እውነተኛ ክፍያዎች አሉ፤ አጭበርባሪም የሚደበቀው ከነሱ ጀርባ ነው። የቶፍል ወይም የአይልትስ (የእንግሊዝኛ ፈተናዎች) ክፍያ እውነተኛ ነው፣ ለፈታኙ ድርጅት በራሱ ገጽ ይከፈላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ አቅም ለሌለው የሚያነሱም ብዙ ስለሆኑ መጀመሪያ ለአድሚሽን ቢሮው ኢሜይል ጻፉ። አሜሪካ ለሚሄድ ተማሪ ሲቪስ ለተባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት የሚከፈል 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ ደግሞ 185 ዶላር አለ። ጀርመን በራሱ ወጪ የሚማር ተማሪ ለቪዛ ብሎክድ አካውንት (ለኑሮው የሚቀመጥ የታገደ ሒሳብ) ይከፍታል፤ ለዓመት 11,904 ዩሮ።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ቅደም ተከተሉና ተቀባዩ ነው። ሲቪስን እንይ። ክፍያውን ለመፈጸም ቅጹ የሲቪስ ቁጥር ይጠይቃል፤ በላቲኑ «ኤን» ፊደል የሚጀምር፣ ከዚያ አሥር አኃዝ ያለው ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲው ተቀብሏችሁ አይ-20 የተባለውን ቅጽ ሲልክላችሁ ነው። ስለዚህ ገና አይ-20 ሳይኖራችሁ «የሲቪስህን ላክልኝና ልክፈልልህ» የሚል ሰው ሊከፈል የማይችል ነገር እየጠየቃችሁ ነው። ብሎክድ አካውንቱም እንደዚሁ። ገንዘቡ በተማሪው ስም ይቀመጣል፣ ጀርመን ከገባ በኋላ በየወሩ 992 ዩሮ እየተለቀቀለት ይኖርበታል። «በእኛ አካውንት በኩል አስገባ፣ እኛ እናስተላልፋለን» ከተባላችሁ ያ ገንዘብ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደሚታወቁት ስኮላርሺፖች እንምጣ፤ ደላላ የሚነግድባቸው እነዚህን ስለሆነ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ማመልከቻ ነጻ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምናና ለፋርማሲ 90 በመቶ ይጠይቃል። 62 ያመጣን ልጅ «ሰው አለን፣ ያልፋል» የሚል ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ ግልጽ ነው። የሀንጋሪው መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም፣ ማመልከቻውም ነጻ ነው፣ ግን ሁለት በር አለው። ተማሪው በኦንላይን ሲስተሙ ያመለክታል፤ የሀገሩ ላኪ ተቋም ደግሞ በዕጩነት ማቅረብ አለበት። ኤጀንት ዕጩ አድርጎ ማቅረብ አይችልም። ላኪ ተቋሙ ስሙን ያላስተላለፈለት ተማሪ በኦንላይን የሞላው ማመልከቻ ምንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ሜክስት በኤምባሲ በኩል ሲሆን የጽሑፍ ፈተና አለው፤ ቁጭ ብሎ የሚፈተነው ራሱ አመልካቹ ነው።

የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ጂኬኤስን ለብቻው የምናነሳው ወጥመዱ ስለሚለይ ነው። በኤምባሲ ወይም በዩኒቨርሲቲ በኩል ማመልከት ይቻላል፣ በሁለቱም ግን አይቻልም፤ በሁለቱም ያመለከተ ይሰረዛል። «ዕድልህን ለማስፋት በየቦታው እናስገባልሃለን» የሚል ኤጀንት ጎበዝ ተማሪን በገዛ ገንዘቡ ከውድድር ሊያስወጣው ይችላል። ይህ ማጭበርበር እንኳን ላይሆን ይችላል፣ አለማወቅ ብቻ ነው። ለተማሪው ግን ያው ነው።

ለ12ኛ ክፍል ጨራሽ የብሪታንያውን ስኮላርሺፕ ቼቭኒንግን «እናስጨርስልሃለን» የሚሉም አሉ። ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ ዲግሪና ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስም የማስተርስ ነው። የአሜሪካው ፉልብራይት የውጭ ተማሪዎች ፕሮግራም ለድኅረ ምረቃ ነው። ገና ዩኒቨርሲቲ ላልገባ ልጅ ከነዚህ አንዱን የሚያቀርብ ሰው የፕሮግራሙን የመጀመሪያ ገጽ እንኳን አላነበበም፣ ወይም እናንተ አታነቡም ብሎ ገምቷል።

ቻይና ላይ ጠንቀቅ በሉ። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ በተለምዶ ሲኤስሲ የሚባለው፣ በኤምባሲ በኩልም በዩኒቨርሲቲ በኩልም ይሰጣል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎችም ለራሳቸው የማመልከቻ ክፍያ ይቀበላሉ። ደላላው እዚህ ጋ የሚጫወተው በወረቀቱ ነው። የመንግሥት ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ ለቪዛ የሚላክለት ቅጽ ጄደብሊው 201 ነው። በራሱ ወጪ ለሚማር የሚላከው ጄደብሊው 202 ነው። «ሲኤስሲ አግኝተሃል» ተብሎ፣ ለደላላው ተከፍሎ፣ በእጁ የገባው ወረቀት 202 ከሆነ ልጁ ያገኘው ተራ የመግቢያ ፈቃድ ወይም ሌላ ዓይነት ድጋፍ ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ «መጀመሪያ ግባ፣ እዚያ ይስተካከላል» ይባላል። የሁለተኛው ሴሚስተር የክፍያ ማሳሰቢያ ሲመጣ ደላላው ስልክ አያነሳም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው ግን ሕጋዊ በሆነ መጥፎ ውል ነው። «የ60 በመቶ ስኮላርሺፕ!» የሚል ደብዳቤ ከግል ኮሌጅ ይመጣል። 60 በመቶ የምኑ? ለምሳሌ ኮሌጁ በወረቀት የለጠፈው የዓመት ክፍያ 10,000 ዶላር ይሁንና፣ በተግባር ሁሉም ተማሪ «ስኮላርሺፕ» እየተሰጠው 4,000 የሚከፍል ከሆነ፣ 4,000 ዶላር ነው ዋጋው፤ ሌላው ልብስ ሻጭ መለያው ላይ ሰርዞ እንደሚጽፈው ቁጥር ነው። ኤጀንቱ ደግሞ ተማሪ ስላመጣ ከኮሌጁ ኮሚሽን ሊቀበል ይችላል፤ ከእናንተም ከተቀበለ ከሁለት ወገን በላ ማለት ነው። ለማጣራት ቀላሉ መንገድ ደብዳቤውን ትታችሁ እዚያ የሚማሩ ሁለት ሦስት ተማሪዎችን ፈልጋችሁ በዓመት ስንት እንደሚከፍሉ መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ ጊዜውን ጠይቁ። ለአንደኛ ዓመት ብቻ ተሰጥቶ በሁለተኛው ዓመት የሚጠፋ ቅናሽ ብዙ ነው። ለአራት ዓመት ነው ቢባል እንኳን የሚታደስበት ቅድመ ሁኔታ ይኖረዋል፤ ለምሳሌ ከ4.0 ውስጥ 3.0 ወይም 3.5 አማካይ ውጤት መያዝ። 3.5 በአዲስ ቋንቋ፣ በአንደኛ ዓመት፣ በምህንድስና ትምህርት ከባድ ነው። አንድ ሴሚስተር ዝቅ ካለ ወዲያው ይነሳል ወይስ ማስጠንቀቂያ አለ? ከተነሳስ ተመልሶ ይገኛል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የመኖሪያና የምግብ ወጪም ለየብቻ ይጠየቃል። «ቱይሽን ዌይቨር» የትምህርት ክፍያን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ውድ ከተማ ውስጥ ኑሮው ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ ይችላል። ከውጭ ሌላ ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ዩኒቨርሲቲው የራሱን በዚያው ልክ የሚቀንስ መሆኑንም ጠይቁ፤ የሚቀንሱ አሉ፣ ሳይነግሩ።

ደብዳቤው ወይም ገጹ እውነተኛ መሆኑን ለማየት አድራሻውን ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ። «ነጥብ ኢዱ» የሚለው መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ እውቅና ላላቸው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ነው። ነገር ግን አጭበርባሪ መሃል ላይ ሊሰነቅረው ይችላል፦ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ ነጥብ ኢዱ፣ ከዚያ ሌላ ስም፣ ነጥብ ኮም። ባለቤቱ ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) ወዲህ መጨረሻ ላይ ያለው ነው፤ እዚህ ላይ ያ «ሌላ ስም ነጥብ ኮም» ነው። ከዚያ በፊት የተደረደረውን ማንም እንደፈለገ ይጽፈዋል። ኢሜይል ላይም የላኪውን ስም ሳይሆን አድራሻውን፣ እንዲሁም መልስ ስትሰጡ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። የድረ ገጹን የምዝገባ ቀን ሁይዝ በተባለው የድረ ገጽ ምዝገባ ፍለጋ ማየት ይቻላል። «ከ30 ዓመት በላይ የሠራ ፋውንዴሽን» ገጹ ከሦስት ሳምንት በፊት ከተመዘገበ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ስልክ ስትደውሉ ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር አትደውሉ፤ የዩኒቨርሲቲውን ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ከዚያ ያገኛችሁትን ተጠቀሙ።

«ካልተሳካ ገንዘብህ ይመለሳል» የሚለው ዋስትናም አያጓጓችሁ። ውሉን ስታነቡ ባብዛኛው እንዲህ ይላል፦ ከሰጠንህ ዝርዝር ውስጥ ላሉት ሁሉ ማመልከትህንና ሁሉም እንዳልተቀበሉህ በደብዳቤ አስረዳ። ብዙ ሰጪዎች ላልተመረጠ ሰው ደብዳቤ አይጽፉም። ስለዚህ ማስረጃው አይሟላም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ስልቱ የቆየ ነው፤ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በስኮላርሺፕ አጭበርባሪዎች ላይ ዘመቻ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ በ2000 ደግሞ ቅጣቱን የሚያከብድ ሕግ ወጣ። ያኔ የተመዘገቡት አባባሎች፣ «ይህን መረጃ ሌላ ቦታ አታገኝም»፣ «ሁሉንም ሥራ እኛ እንሠራልሃለን»፣ ዛሬ ቴሌግራም ላይ እንዳሉ ናቸው።

ሕጋዊ ኤጀንት የምትጠቀሙ ከሆነም አንድ ነገር አትልቀቁ፦ ኢሜይሉና ፓስወርዱ የተማሪው ይሁን። ኤጀንቱ በራሱ ኢሜይል የማመልከቻ ፖርታል ከከፈተ ውጤቱ የሚመጣው ለእሱ ነው። ተማሪው ማለፉን ሳያውቅ «ፕሮሰስ ላይ ነው፣ ትንሽ ጨምር» ይባላል። ሌላው ደግሞ ወረቀት ማሳመር ነው፦ የተቀየረ ትራንስክሪፕት፣ የተፈበረከ የባንክ ማስረጃ፣ ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት የድጋፍ ደብዳቤ። ሲያዝ ስሙ የሚነሳው የአመልካቹ ነው። ካናዳ በሐሰተኛ መረጃ የተያዘን ለ5 ዓመት፣ ብሪታንያ እስከ 10 ዓመት ታግዳለች፤ አሜሪካ ውስጥ ጊዜ ገደብ የሌለው እገዳ ሊያስከትል ይችላል። «ኤጀንቱ ነው የሠራው» የሚለው መልስ ብዙም አያድንም። ዋናውን ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት ደግሞ በአደራም ቢሆን አትስጡ፣ ኮፒ ይበቃል።

ከፍላችሁ ከሆነ አትሸማቀቁ፣ ሰዓቱ ነው የሚቆጥረው። ከሰውየው ጋር ከመጣላታችሁ በፊት ሙሉ ንግግሩን፣ የተጠቃሚ ስሙንና ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጉ፤ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፣ መጀመሪያ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ወዲያው ባንክ ደውላችሁ ዝውውሩ እንዲታገድ ጠይቁ። በካርድ ከተከፈለ ክፍያውን የመከራከር መብት ሊኖራችሁ ይችላል። በሐዋላ ከተላከና ተቀባዩ ገና ካላወጣው መሰረዝ ይቻላል፤ በክሪፕቶ የተላከ ግን ተመልሶ ማየት ይከብዳል። ከዚያ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ፣ ቀጥሎ የፖርታሉን፤ በዚህ ቅደም ተከተል፣ ምክንያቱም ኢሜይሉን የያዘ ፖርታሉን መልሶ ይወስደዋል። ስሙ የተነገደበትን ዩኒቨርሲቲ ወይም ኤምባሲ አሳውቁ፤ ማመልከቻ በስማችሁ ገብቶ እንደሆነ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

በሳምንት በሁለት ሳምንት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል። «የተወሰደብህን ገንዘብ እናስመልሳለን፣ ጠበቃ ነን» ይላል፤ የከፈላችሁትን መጠን እንኳን በትክክል ያውቃል። የሚያውቀው ያው ቡድን ስለሆነ ወይም ስማችሁን ከዚያ ቡድን ስለገዛ ነው። ለመጀመር ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል። ለእሱም አትላኩ።