ቆንጣጯ ቱነር፣ ቼሎና አንቺ ሆዬ

ዕቃዋ ቱነር ናት፣ የሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ። የልብስ መቆንጠጫ ታህላለች። ጥቁር ፕላስቲክ ናት። ጀርባዋ ላይ ክብ የሰዓት ባትሪ ትጎርሳለች። የመሣሪያችሁን አንገት ጫፍ ላይ ቆንጥጣችሁ ክር ስትመቱ፣ ድምፁ ዶ ይሁን ሬ፣ ከፍ ይበል ዝቅ፣ በትንሽዬ መስኮቷ ታሳያለች። ልክ ሲሆን አረንጓዴ ትበራለች። የገዛኋት አዲስ አበባ ነው፣ ከሺህ ብር ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ። ብራንዷን አልጠራም። ያው ዕቃ በብዙ ስም ነው የሚሸጠው።

ማን እንደሚያወራ ልናገርና ልቀጥል። ቼሎ ተጫዋች ነኝ፤ ተቀምጠው በጉልበት መሐል ይዘው በደጋን የሚጫወቱት ትልቁ የቫዮሊን ዘመድ። የተማርኩት ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን። በሳምንቱ መሐል ልጆች አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ እጫወታለሁ። ሙሽሮች ሲገቡ የፈረንጅ ለስላሳ ዜማ፣ ኬክ ሲቆረስ ትዝታ። እንጀራዬ ይኼ ነው። ልቤ ያለው ግን ማይክሮቶን ላይ ነው፤ በፒያኖ ሁለት ተጎራባች ቁልፎች መካከል ባሉት ድምፆች። በሁለቱ ቁልፎች እኩሌታ ላይ ላለው ሩብ ድምፅ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ማንም አይከፍልም። (አዲስ አበባም ያው ነው፣ አንዋሽ።)

ስለዚህ ቱነሯን የፈተንኳት በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ለእንጀራዬ፣ ሁለተኛው ለልቤ።

ለእንጀራ ከሆነ፣ ሳታቅማሙ ግዙ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። በጋው ደረቅ ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የክር መወጠሪያዎቹ ይላላሉ፣ ጠዋት የተቃኘው ቼሎ እኩለ ቀን ላይ ተበላሽቶ ይገኛል። የሠርግ ወራችን ደግሞ ጥር ነው። ድንኳን ውስጥ ዲጄው ስፒከሩን እየሞከረ፣ ጄኔሬተር እየጮኸ፣ እናቶች እልል እያሉ ልቃኝ ስል የስልክ አፕ ሁሉንም ድምፅ አንድ ላይ ይሰማና ይቃዣል። ይህች ግን የምትሰማው በአየር አይደለም። የእንጨቱን ንዝረት ነው የምታዳምጠው። ጎኗ መኪና ቢያጠሩምባ ግድ የላትም። ለዚህ ብቻ እንኳ ገንዘቧን መልሳለች።

አንድ ድክመት አለባት። የቼሎ ወፍራሙ ክር፣ ዶ፣ በሰከንድ 65 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ያ ለእሷ በጣም ዝቅተኛ ነው። ዶ እየመታሁ ሶል ትለኛለች፤ ከክሩ ውስጥ ከሚወጡት ቀጫጭን ድምፆች አንዱን ይዛ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። የክሩን እኩሌታ በጣታችሁ ነካ አድርጋችሁ ሳትጫኑ ምቱ። ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ይወጣል፣ እሷም ወዲያው ትለየዋለች።

አሁን ወደ ልቤ ልምጣ።

ቱነሮች ርቀትን የሚለኩት በሴንት ነው። አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት፣ ግማሽ ድምፅ (ከአንዱ የፒያኖ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ) 100 ሴንት ነው። የፒያኖው አከፋፈል እንዲህ እኩል ነው። የክር ተፈጥሮ ግን እኩል አይደለም። ቼሊስት ላ ክሩን ይቃኝና ሌሎቹን በጆሮው እየተከተለ ይወርዳል፤ ከላ ወደ ሬ፣ ከሬ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ዶ። ሁለቱ ክሮች አብረው ሲመቱ መንቀጥቀጡ እስኪጠፋ ነው የሚያስተካክለው። በዚህ መንገድ የሚገኘው ርቀት 702 ሴንት ነው፣ የፒያኖው 700። ሦስቴ ስትወርዱ ልዩነቱ ይጠራቀምና ዶ ክሩ 6 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። ቱነሯ ታዲያ አረንጓዴዋን ትከለክላችኋለች። ጆሮ ግን ልክ ነው። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ አልበራም እኮ!» ሲሉኝ፣ ዞር አድርጌ ኪሴ ውስጥ እከታታለሁ።

በዚህች ዕቃ በጣም የተደሰትኩት ሃርሞኒክስ፣ ማለትም ክሩ ሳይጫኑት ነካ ሲደረግ የሚወጡትን ቀጫጭን ድምፆች፣ ስለካ ነው። ዶ ክሩን ዜሮ ላይ አስተካክሉት። ከዚያ የክሩን አንድ አምስተኛ ነካ አድርጋችሁ ምቱ፤ ሚ ይወጣል፣ መስኮቷ 14 ሴንት ዝቅ ማለቱን ታሳያለች። አንድ ሰባተኛው ላይ ሲ ፍላት (ከሲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) 31 ሴንት ዝቅ ብሎ ይመጣል። አንድ አሥራ አንደኛው ላይ ግን ትጨነቃለች። አንዴ ፋ፣ አንዴ ፋ ሻርፕ (ከፋ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው) ትላለች። አይፈረድባትም፤ ድምፁ የቆመው በሁለቱ መካከል ሩብ ድምፅ ላይ ነው፣ አንድ ሴንት ብቻ ነው ያጋደለው። ማንም አልፈጠረውም፣ ክሩ ውስጥ ያለ ነው። ያን ቀን ምሳዬን ረሳሁ።

በዚህ መንገድ ሙያቸውን የሠሩ ሰዎች አሉ። ሜክሲኳዊው ሁሊያን ካሪዮ በ1895 እ.ኤ.አ. የቫዮሊኑን ክር በስለት ጠርዝ እየነካ አንዱን ሙሉ ድምፅ 16 ቦታ ከፋፍሏል፤ ያውም ያለ ባትሪ። አሜሪካዊቷ ቼሊስት ፍራንሲስ ማሪ ኡይቲ በአንድ እጇ ሁለት ደጋን ይዛ አራቱንም ክሮች በአንድ ጊዜ ማጫወት ችላለች። እኔን የሚማርከኝ ግን ቻርልስ ከርቲስ ነው። ሃምቡርግ ውስጥ በሰሜን ጀርመን ሬዲዮ ኦርኬስትራ ለዓመታት መሪ ቼሎ ተጫዋች ነበር። ቼሎ ላይ ሣጥኑ የሚንቀጠቀጥበት፣ ድምፁ የሚንተባተብበት ቦታ አለ። ሁላችንም እንሸሸዋለን። ፈረንሳዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ኤሊያን ራዲግ ለከርቲስ በሠራችው ናልጆርላክ በተባለው ሥራ ግን ክሮቹ ሳይቀሩ የሚቃኙት ወደዚያው የምንሸሸው ድምፅ ነው። ደመወዝ የሚከፍል ወንበር ላይ እየተቀመጡ እንዲህ ያለውን መፈለግ እንደሚቻል ያየሁት ከእሱ ነው። እኛ ጋ ወንበሩ ሠርግ ነው።

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ሠርግ ላይ ከአንድ አዛውንት መሲንቆ ተጫዋች ጋር ተገናኘን። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ቱነሯን መሲንቋቸው አንገት ላይ ሰካኋት። አንቺ ሆዬ ጀመሩ። መስኮቷ አበደች። የቅኝቱ ሁለተኛ ድምፅ ወደ ላይ ሲወጡና ወደ ታች ሲመለሱ አንድ ቦታ አያርፍም። ከግጥሙ ጋር ይንሸራተታል፣ ቃሉ ሲከብድ ይወርዳል።

«ምን ይላል ይኼ ቆንጣጭ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ብለዋል ነው የሚለው።»

«እንግዲያ እሱ ይዝፈና!»

ሠርገኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቁጥሩን ትቼ የመስኮቷ መርፌ የሚሄድበትን ማየት ጀመርኩ። ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ የቱ ቃል ላይ እንደሚዘገይ። ቤት ገብቼ ያንን መንሸራተት በቼሎ መለማመድ የቻልኩት በዚያ ነው። የሠርግ ባንድ ኪቦርድ አንቺ ሆዬን ሲጫወት ለምን እንደሚደርቅብኝም ያኔ ገባኝ። ድምፁ ሳይንቀሳቀስ ቁልፉ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።

በገና ላይ አትሞክሯት። የክሮቹ እዝዝታ ሁሉንም ነገር ስለሚሸፍንባት ዝም ብላ ትገላበጣለች።

ሌላው ቅሬታዬ ትንሽ ነው። ውርጭ ሲሆን መስኮቷ ትደነዝዛለች፣ ቁጥሩ ዘግይቶ ይቀየራል። ጠዋት በእጄ መዳፍ አሙቄ ነው የምሰካት። ቆንጣጭ ጎማዋም ቀጭን ስለሆነ የቼሎውን ቀለም እንዳትነካ ቁራጭ ጨርቅ አድርጉባት።

ለመግዛት ከሄዳችሁ ሱቁ ውስጥ አብሩና እዩ። መብራት ብቻ ሳይሆን ሴንቱን በቁጥር የምታሳየዋን ውሰዱ። ላ ድምፅን በሰከንድ 440 ርግብግቢት ላይ ብቻ የቸነከረችውን ተዉ፤ ከፍና ዝቅ የምትደረገዋ ከመሲንቆ ጋር ለመግባባት ታስፈልጋችኋለች። ባትሪዋ ደብረ ብርሃን ሰዓት ቤቶች ጋ ይገኛል፣ 2032 በሏቸው። ቦርሳ ውስጥ እየተነካካች ራሷን ስለምታበራ፣ መንገድ ስትሄዱ ባትሪውን አውጡት።