የስቴንለስ ዝገት፦ ቤኪንግ ሶዳ ወይስ ሎሚ?

ዝገቱ ገና የጀመረ፣ ሻይ ተንጠባጥቦ የደረቀ የሚመስል ቡናማ ነጠብጣብ ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። 3 ማንኪያ ሶዳ በ1 ማንኪያ ውሃ ለውሶ መቀባት፣ 15 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ በብረቱ ላይ የሚታየውን ቀጭን መስመር ተከትሎ ማሸት ነው። መስመሩን አቋርጦ ማሸት ጭረት ይተዋል።

በጥፍር ሲነካ ሻካራ ለሆነው ሎሚ ይሻላል፤ አሲዱ ዝገቱን ያሟሟዋል። በጭማቂው የራሰ ጨርቅ 10 ደቂቃ ጣል አድርጎ በደንብ ማለቅለቅና ማድረቅ። በረኪና በነካው ዕቃ ላይ ግን በፍጹም! ሎሚና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ስቴንለስን ከሚያዝጉት አንዱም ራሱ በረኪና ነው።

የብረት ሽቦ በየትኛውም መንገድ አይግባ፤ ከሽቦው የሚቀረው ብናኝ ይዝግና ዕቃው የዛገ ይመስላል። ዝገቱ ጉድጓድ ከሠራ ቀለሙ ቢለቅም ጉድጓዱ አይሞላም።