የአሜሪካ ፔኒ፦ ከመዳብ ልባሱ በታች ያለው ጉድ

ክረምቱን ሙሉ በመኪናዬ ወለል ላይ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ከሚበተነው ጨው ጋር የከረሙትን ሳንቲሞች ስመረምር፣ ከ1982 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ፔኒዎች (የአሜሪካ ባለ 1 ሳንቲሞች) 95 በመቶ መዳብ በመሆናቸው ከመጥቆር በቀር እምብዛም አልተጎዱም። ከ1983 ወዲህ የተሠሩት ግን 97.5 በመቶ ዚንክ ናቸው፤ ስስ የመዳብ ልባሳቸው በአንድ ጭረት ከተከፈተ፣ እርጥበትና ጨው ባለበት ዚንኩ ከመዳቡ ቀድሞ ስለሚበላ፣ ሳንቲሙ ከውስጥ እየተቦረቦረና ልባሱ እያበጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የአንዱማ ጠርዝ ተሸርፎ በላዩ የተቀረጸው የፕሬዚዳንት ሊንከን አገጭ ጠፍቷል። ባለ 5 ሳንቲሙ፣ ሩብ ያህሉ ኒኬል፣ የተቀረው መዳብ በመሆኑ፣ ከመደብዘዝ አላለፈም። የተጎዳውን ፔኒ በሆምጣጤ ማጠብ አይበጅም፤ አሲዱ የተጋለጠውን ዚንክ ይብሱን ይበላዋል። ለጥንካሬው ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ፤ አንዱም ለአሮጌዎቹ ሲባል ነው።